ወገቤን ይዤ ወደ ሞያሌ

ወደ ሞያሌ ሰው የሚሄደው ለንግድ ነው፤ አለዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለመቀጠል። የጎልፍ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ብሎ የሚገረም ካለ አልፈርድበትም። በከተማዋ ውስጥ ኳስ የሚያስቀምጡበት አንድ ክንድ ሣር አላየሁም። እኔ የሄድኩት ወገቤን ይዤ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ተማሪዎቼ ተራ በተራ እየመጡ "እስቲ ያንን የሞያሌውን ንገረን" ይሉኛል፤ ስናገረው ደግሞ በየጊዜው ሌላ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

በቅድሚያ ስለ ራሴ። ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከጎልፍ ሜዳ አጥር ሥር ነው። በልጅነቴ የተጫዋቾችን ቦርሳ የምሸከም ካዲ ነበርኩ፤ ከዚያ ተጫዋች፣ ከዚያም አስተማሪ ሆንኩ። ስድሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። አስተምራለሁ ስል ታዲያ በአፌ አይደለም፤ ለወሬ የሚሆን ምላስ አልተሰጠኝም። "እንዲህ" እልና መትቼ አሳያለሁ፣ ተማሪው አይቶ ይቀዳል። ወገቤ ከተበላሸ እንጀራዬም ደስታዬም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

የታችኛው ወገቤ ማመም ከጀመረ ቆይቷል። ጎልፍ እየተጠማዘዙ መምታት ስለሆነ ብዙዎቻችንን ያመናል፤ ቅባት ቀብተን፣ ጠበቅ ያለ ቀበቶ ታጥቀን እንጫወታለን። በመጨረሻ ግን አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የወገቤን ምስል አገላብጦ አየና ቀዶ ጥገና ሳያስፈልግህ አይቀርም አለኝ። "ጎልፍስ?" ብለው "እሱን ያኔ እናያለን" አለ። "እግርህን ይደነዝዝሃል?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ኧረ በጭራሽ" አልኩት። ውሸቴን ነበር። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የሌላ ሰው እግር ከመሰለኝ ሰንብቷል። ይህን ብናገር ዕለቱኑ ያስተኙኛል ብዬ ፈራሁ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ከተማሪዎቼ አንዱ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነው። "ሾፌሮቼ በሙሉ ወገባቸውን የሚያሳዩት ኬንያ ሞያሌ ላለች አንዲት ሴት ነው" አለኝ። "ፊዚዮቴራፒ ተምራለች፤ እጇ ግን የወጌሻ እጅ ነው። ተጣምመው ሄደው እየነዱ ይመለሳሉ።" ከዚህ በላይ መስማት አልፈለግሁም። ቢላ ሳይነካኝ ድኜ እመለሳለሁ ብዬ ልቤን አሳረፍኩ፤ ከአንዱ ሾፌሩ ጋርም ሊልከኝ ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን

ሾፌሩ ጌትነት ይባላል፤ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ቦሎቄ ጭኗል። ረዳቱ ለሠርግ አገር ቤት ስለሄደ የረዳቱ ወንበር የኔ ሆነ። የጎልፍ ሜዳችንን ለስላሳ ሣር የለመደ ሰው ጋቢና ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ግድግዳ እንደ መውጣት ነው። አንድ የጎልፍ ዱላ ይዤ ነበር። ለምን ያዝከው ብትሉኝ፣ ከዘራ መያዝ አሳፍሮኝ ነው። ጎልፈኛ ዱላ ቢይዝ ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

ባቱን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን አልፈን ዲላ አደርን። ጌትነት በየከተማው ያቆማል። ነዳጅ ወይም ጎማ ለማየት እያስመሰለ እንጂ የሚያቆመው እኔ ወርጄ እንድንጠራራ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ምሳ ላይ ጥብስ አዘዝን። እሱ ሲያወራ ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ጋ ከብት እንደሚያቋርጥ። ከምሳ በኋላ መንገድ ላይ እኔም ስለ ሜዳችን ጉድጓዶች ነገርኩት። ሰው ሆን ብሎ ጉድጓድ ቆፍሮ በየቀኑ ይንከባከበዋል ስለው መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም።

የዲላው አልቤርጎ ንጹሕ ነበር፤ ፍራሹ ግን መሐሉ ሰርጉዶ ጀልባ ሆኗል። ቤቴ ያለውን ደረቅ ፍራሽ እያሰብኩ ወለሉ ላይ አንጥፌ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ከቡሌ ሆራ በኋላ አገሩ እየደረቀ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። ያቤሎን ስናልፍ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ግመሎች ሲያቋርጡ ጌትነት ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ጥሩምባ አይነፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሰው እንኳ እንዲህ የሚታገስ ሾፌር አላየሁም። ሜጋ ላይ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ጠጣን። ጭስ ጭስ ይላል፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ እኔው ነኝ ያዘዝኩት።

ሞያሌ የደረስነው ሲመሽ ነው። መኪናው ቦሎቄውን የሚያራግፈው በኢትዮጵያ በኩል ስለሆነ እዚያው አደርን። ጌትነት የመልስ ጭነት ወረፋ እስኪደርሰው ሥራ አልነበረውም፤ ጠዋት አብሮኝ ሊሻገር ወሰነ። እሱም የሴትየዋ ታካሚ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ድንበሩን በእግር ነው የተሻገርነው። ወረቀታችንን ያየው ኬንያዊ ጠባቂ ዓይኑ ዱላዬ ላይ ቀረ። "ሂ ኒ ኒኒ?" አለ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። የጎልፍ ዱላ መሆኑን ስነግረው ዞሮ ያንን ድንጋያማ ቀይ ምድር አየና፣ ከዚያ እኔን አየና፣ መልካም ዕድል ተመኝቶልኝ አሳለፈኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሐበሻ ሞኝነት ነው። እኛ ዘንድ መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ግራውን። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ጌትነትም ገና ስንሻገር ነግሮኛል። አንገት ግን የለመደውን ነው የሚሠራው። ወደ ግራ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ገባሁ። ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት በቀኝ በኩል መጣብኝ። ወደ ኋላ ልዘል ስል ወደቅሁ።

በአንድ ጊዜ መንገዱ በሰው ተሞላ። "ፖሌ! ፖሌ ሳና ምዜ!" ይላል ሁሉም። አይዞህ እንደማለት ነው፤ ምዜ ደግሞ ሽማግሌን ሲያከብሩ ነው። ባለሞተሩ ራሱ አንስቶ አቧራዬን አራገፈልኝ፤ የጫነው ተሳፋሪም ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን መጀመሪያ ጭቅጭቁ ያልቅ ነበር። እኔ ጥፋተኛው በሞተር ተጭኜ፣ ተሳፋሪውና ጌትነት በእግር እየሄዱ፣ ማንያታ የሚባለው ሰፈር ደረስን።

እዚያ የእትዬ ጽጌ ሆቴል አለ። እትዬ ጽጌ ከደሴ መጥተው ሞያሌ የከረሙ ሴት ናቸው፤ የቆርቆሮው ቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ፣ ኋላ መኝታ ነው። ሾፌሩን ሁሉ በስሙ ያውቃሉ። ከሞተሩ ስወርድ አይተውኝ "ደግሞ ይሄ ወገብ ከየት መጣ?" አሉ።

"ከአዲስ አበባ እትዬ። ቱሜ ዘንድ ነው" አለ ጌትነት። ቱሜ የመጣንላት ሴት ስም ነው።

"ቱሜማ ዛሬ የለችም፤ ዳበል መንደር ሄዳለች በሽተኛ ልታይ። ኬሾ፣ ነገ፣ ትመጣለች። አንተ ወንድሜ፣ ሻወር ግባና ሩዝ ብላ፤ ሐዘን አይጠቅምም።"

በቅመም የተሠራው ሩዝ ፍስክ መስሎኝ ስፈራ "ረቡዕ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የጾም ነው" ብለው ተቆጡኝ። ከሩዙ ጎን ሽሮ፣ ከሽሮው ጎን ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ መጣ። በሕይወቴ ሽሮ በቻፓቲ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ፣ ጥሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መቼም አይታወቅም ብለን ቱሜ ዘንድ ሄድን። በሩ ዝግ ነው፤ ደጁ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ብቻ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ዱላ ይዘዋል፤ የኔን እያገላበጡ አዩትና በኦሮምኛ ጠየቁኝ፤ ጌትነት እየተረጎመ ነው።

"በዚህ ትንሽ ኳስ እንመታለን" አልኩ።

"ወዴት?"

"ሩቅ ወዳለ ጉድጓድ።"

"እሺ፣ ገባች። ከዚያስ?"

"እናወጣታለን።"

"አወጣችኋት። ከዚያስ?"

"ወደ ሌላ ጉድጓድ እንሄዳለን።"

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አሰቡ። "ከጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ ያለው አለ?"

"የለም።"

ከንፈራቸውን በሐዘን መጠጡና ዱላዬን መለሱልኝ። ሰው በከንቱ ሲለፋ ያዩ መሰሉ። ጌትነት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ማታ ልተኛ ስል እትዬ ጽጌ ፍራሼን በእጃቸው ተጭነው ሞከሩት። "ይሄ ለበሽተኛ አይሆንም" ብለው ወጡ፤ ትንሽ ቆይቶ መዶሻ ሰማሁ። የጓዳቸውን በር ከማጠፊያው አስነቅለው በሁለት ሰው አሸክመው መጡና ከፍራሼ ሥር አስገቡት። ጓዳው ክፍት ሆኖ አደረ። እምቢ ብል "በር ነገ ይገጠማል" አሉኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አራተኛው ቀን

ቱሜ ሻሽ ያሰረች፣ ወፍራም ክንድ ያላት፣ ፈገግታዋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። አማርኛዋን የተማረችው ከሾፌር ነው፤ ስለዚህ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፣ ዓለም ሁሉ "አንተ" ነው። አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ወገባሞች ጋር ጠብቀን ተራችን ሲደርስ ገባን።

"ካሪቡ፣ እንኳን ደህና መጣህ ምዜ። ከማን ጋር መጣህ?"

"ከሾፌሩ ጋር፤ ከጌትነት።"

"በአንድ መኪና? ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ?"

"አዎ።"

"ሳዋ፣ እሺ። አንተ እዚያ ቁጭ በል።" ወንበሯን ወደ ጌትነት አዞረች። "ጌትነት፣ ንገረኝ። ምን አየህ?"

"ታማሚው እኮ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። አንተ በኋላ።" ከዚያ ሳታኮርፍ አስረዳችኝ። "ሾፌር ወገቡን ደህና ነኝ ይላል። ካልነዳሁ መኪናውን ለሌላ ይሰጡብኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ እኔ ሾፌር አልጠይቅም፤ ረዳቱን እጠይቃለሁ። ረዳት መንገድ ሙሉ ያያል።"

"እኔ ሾፌር አይደለሁም።"

"ምንድን ነው ሥራህ?"

"ጎልፍ አስተምራለሁ።"

"ብትታመም ሥራው ይቀራል?"

"ይቀራል።"

"ባስ፣ በቃ። ሾፌር ነህ።"

ጌትነት ቆቡን በእጁ እያዞረ ወለሉን ያያል። "ይቅርታ ጋሼ" አለ። "ከጋቢና ሲወርዱ ግራ እግራቸውን ሱሪውን ይዘው ነው የሚያወርዱት። ትናንት ሞተሩ ሲመጣ ቀኙ ዘለለ፣ ግራው ባለበት ቀረ። ለዚህ ነው የወደቁት።" ቆቡን ማዞሩን ተወ። "ዲላ ላይ ደግሞ ከሻወር ሲወጡ የግራ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ግቢው ውስጥ ቀረ። ሳያውቁት በባዶ እግራቸው መኝታ ቤት ገቡ። ጠጠር ነበር መሬቱ። እኔ አንስቼ በራቸው ላይ አደረግሁት።"

የሱሪውንም የሞተሩንም ነገር አውቅ ነበር፤ ደብቄው ነው። ስለ ነጠላ ጫማው ግን አላወቅሁም። ጠዋት በሩ ላይ ሳገኘው ራሴ ያኖርኩት መስሎኝ ነው ያጠለቅሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምዋሸው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቱሜ በተረከዝህ ተራመድ አለችኝ፤ ግራው እምቢ አለ። አስተኝታ የእግሬን አውራ ጣት በጣቷ ተጫነችና "አንሳ" አለች። የቀኙ ጣቷን ገፍቶ ተነሳ። የግራው ዝም አለ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ ጣቴ ግን ምንም አላለም። መርፌ በመሰለ ነገር ስትነካካኝም የት ጋ እንደነካችኝ ማወቅ አቃተኝ።

"እሺ በእጅሽ ሞክሪልኝ" አልኳት። "ይህን ሁሉ አገር የመጣሁት ለእጅሽ ነው።"

"እጄ ጡንቻ ነው የሚያውቀው። ይሄ ነርቭ ነው፤ ተጨቁኗል። እኔ ብጫን አጠፋዋለሁ።" ካልሲዬን እራሷ አጠለቀችልኝ። "የአዲስ አበባው ዶክተርህ ልክ ነው። ግን ነጠላ ጫማ ከእግርህ ሲወድቅ እሱ አላየም። ቶሎ ሂድ ምዜ። ብዙ ከቆየ እግሩ አይመለስም። መንገድ ላይ ሽንት ከከለከለህ፣ ወይም ሌላኛው እግርም ከደነዘዘ፣ አዲስ አበባ አትጠብቅ፤ ያገኘኸው ሆስፒታል ግባ።"

"ጎልፍስ?"

"እግር ትፈልጋለህ ወይስ ጎልፍ?"

"ሁለቱንም።"

"ሁሉም ሾፌር ሁለቱንም ይለኛል" አለች፤ አልሳቀችም። ከዚያ ወደ ጌትነት ዞረች። "ዶክተሩ ጋ አብረኸው ግባ። እሱ እንደገና ይዋሻል።"

ወጥተን እስከ ሆቴሉ ድረስ አላናገርኩትም። ተናድጄበት ነበር። እውነት ስለተናገረ ሰው ላይ መናደድ ያሳፍራል፤ ግን ተናድጄ ነበር። የቡቲዬ ሰፈር ሴቶች ፍየሎቻቸውን እየነዱ በመንገዱ ያልፋሉ፤ እኔ ፍየሎቹ እግራቸውን እንዴት እንደሚያነሱ እያየሁ ቀናሁባቸው። ማንያታ ስንደርስ ጌትነት ራሱ ጀመረ። "እኔንም አምና ረዳቴ ነው ያጋለጠኝ። ለአንድ ወር አላናገርኩትም። አሁን የሄደበት ሠርግ የወንድሙ ነው፤ ሱፉን የገዛሁለት እኔ ነኝ።"

ሻይ አዘዝኩለት፣ ማንዳዚ ከሚሉት ቦምቦሊኖ ጋር።

አምስተኛው ቀን

እንዴት ልመለስ የሚለው ችግር ሆነ። አውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መሄድ አይቻልም። ጌትነት ጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ኋላ አልጋ አለው፤ የጭነት ወረፋው ግን ገና ነው። ጠዋት ተነስቼ ስወጣ ወረፋውን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ፣ ባዶውን ሊመለስ ተዘጋጅቷል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። እትዬ ጽጌ ከአልጋዬ ሥር የነበረውን በር ይሰጡኝ ነበር፤ ከጋቢናው ሰፍቶ ቀረ። በምትኩ ሁለት ሳንቃ አሰነጠቁልኝ። "ተሽለህ ካልመጣህ በሩን አልገጥመውም" አሉኝ። ሳንቃውን አሸክመን ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻገርን።

ባዶ መኪና እንደሚያንገጫግጭ የተሳፈረ ያውቀዋል። ጌትነት በሰው እግር ፍጥነት ነዳ ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላው መኪና ሁሉ እየቀደመን፣ ጥሩምባ እየነፋብን፣ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ የጋቢናውን ጣራ እያየሁ፣ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ያቤሎ አደርን፤ በማግስቱ ሐዋሳ። በየፌርማታው "ጣቱስ ጋሼ?" ይለኛል። "አልተነሳም" እለዋለሁ። በስልክ ለባለቤቴ ሁሉንም የነገርኳት ሐዋሳ ላይ ነው። "በሉ ቀስ ብላችሁ ኑ" ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ

አዲስ አበባ የገባን ዕለት በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ጌትነት ቆቡን አውልቆ ከኋላዬ ገባ። ሁሉንም ተናገረ፤ ነጠላ ጫማውንም። ሐኪሙ ሰምቶ ሲጨርስ ለምሳ እንኳ አልወጣም። በነጋታው ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ።

እግሬ ተመልሷል። አውራ ጣቴ ጠዋት ጠዋት ይለግማል፤ ግን ይነሳል። ሙሉ ምት ግን ከእንግዲህ የለም። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ በጨዋ ደንብ አመሰገንኩት፤ ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ላይ ባለቤቴን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኮርቼ የምጽፈው ነገር አይደለም። እንደገና ምረጥ ብባል ግን ያንኑ የሞያሌ መንገድ እንደምሄድ አውቃለሁ።

አሁን በየጠዋቱ ከተማሪዎቼ ጋር ሜዳውን እዞራለሁ፤ መራመድ ታዝዞልኛል። በአፌ ማስተማር እየተማርኩ ነው፤ ገና ጎበዝ አይደለሁም፤ "እንዲህ" ልል እጀምርና እተወዋለሁ። ያንን ሣር ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው መጀመሪያ የሰው ቦርሳ፣ በኋላም የራሴን ዱላ ይዤ ነበር። ባዶ እጄን ስሄድበት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ሣሩን ይረግጣሉ፣ ጤዛው ሲቀዘቅዝም በሁለቱም ይሰማኛል፤ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ግን ገና አላወቅሁም።